ፊልምን በቪሲዲ፣ በዲቪዲና በካሴት ማሰባሰብ፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

እሑድ ጠዋት በኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መካከል «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ሲሰማ ጎረቤቶቼ ባዶ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማና የተሰበረ ወንበር ይዘው ይወርዳሉ። እኔ ባዶ እጄን ነው የምወርደው፤ የምፈልገው በጆንያው ውስጥ ያለውን ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚያ ጆንያ በላስቲክ የታሰሩ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎች አወጣሁ። ሰውየው «ጋሼ፣ እሱ እኮ አሁን ማን ያየዋል፣ ለፕላስቲኩ ነው የገዛሁት» አለኝ፤ ሆኖም ፊልም ፈላጊ መሆኔን እንዳወቀ ዋጋውን ከፍ አደረገው፤ እኔም ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ስከፍታቸው አብዛኞቹ ሁለት ዲስክ ሊኖራቸው ሲገባ አንድ ብቻ የያዙ ሆነው ተገኙ። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው እንዲህ ካሉ ስሕተቶች የተማርኩትን ነው። ዓመቶቹን «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ይነበቡ።

አስቀድሞ ግን ሁሉ ነገር በስልክ በሚታይበት ዘመን ዲስክ መሰብሰብ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይገባል። በውጭው ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የሚነሣው የስትሪሚንግ ድርጅቶች ፊልሞችን ከዝርዝራቸው ማውጣታቸውና ዲስክ ከገበያ መጥፋቱ ነው፤ እውነትም ነው። ሥራውን ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት የጀመረው ኔትፍሊክስ ይህን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዘግቶታል። የእኛ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢከፈትም የአማርኛ ፊልም ታሪክ የሚገኘው እዚያ አይደለም። ፊልሞቻችን በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ከታዩ በኋላ ወደየቤቱ የገቡት በቪሲዲ ነበር። የሰፈር ማከራያ ቤቶች ሲዘጉ ሱቆቹ «ፊልም በፍላሽ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ፤ ቀጥሎ ዩቲዩብ መጣ። ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው ቅጂ ብዙ ጊዜ የጫነው ሰው አርማ ጥግ ላይ የተለጠፈበት፣ የመግቢያውና የመጨረሻው ስም ዝርዝር የተቆረጠበት፣ አልፎ አልፎም በሙዚቃው የቅጂ መብት ምክንያት ድምፁ የተለወጠ ነው። በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ ያም ቢሆን አልነበረም። ስለዚህ እዚህ የምንሰበስበው መደርደሪያ ለማሳመር ሳይሆን፣ ለብዙ ፊልሞች ከተረፉት ቅጂዎች የተሻለው ምናልባት በአንድ ሰው ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጣው ቪሲዲ ሊሆን ስለሚችል ነው። ይህ አመለካከት ከዚህ በኋላ የምሰጠውን የቅደም ተከተል ምክር ሁሉ ይወስነዋል።

አንደኛ፦ ምን እንደሚሰበሰብ መወሰን

ጀማሪ ያገኘውን ሁሉ ይገዛል፤ ከስድስት ወር በኋላም ቤቱ በአንድ ዓይነት የሆሊውድ ፊልም ኮፒ ይሞላል። የእኔ ምክር ሦስት ደረጃ ማውጣት ነው። በመጀመሪያ የሚፈለገው የአማርኛና የሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ፊልም ቪሲዲና ዲቪዲ ነው፤ ደካማ ፊልም ቢሆንም፣ ተዋናዩን ባንወደውም። ሁለተኛው ከቴሌቪዥን በካሴት የተቀዳ ድራማ፣ የበዓል ዝግጅትና ማስታወቂያ ነው፤ ቀጂው ሰው ለራሱ ብሎ የቀዳው ነገር ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። የውጭ አገር ፊልም በዲቪዲና በብሉ ሬይ ሦስተኛ ይሁን፤ ይህን የምለው ንቄው ሳይሆን በብዛት የታተመ፣ ጠባቂም ያለው በመሆኑ ነው። ዛሬ ያልተገዛ የጣሊያን ፊልም ከአምስት ዓመት በኋላም ይገኛል። ዛሬ ያልተገዛ ከማከራያ ቤት የተረፈ ቪሲዲ ግን በሚቀጥለው እሑድ ምናለሽ ተራ ገብቶ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ሊፈጭ ይችላል።

በዚህ ላይ ወሰን ማበጀት ጠቃሚ ነው። አንዱ የአንድ ዳይሬክተርን ሥራዎች ብቻ፣ ሌላው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000 ድረስ የወጡትን ብቻ ሊሰበስብ ይችላል። ወሰን ያለው ሰው ምን እንደጎደለው ያውቃል፤ ወሰን የሌለው የሚያውቀው ያለውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ማጫወቻውን ከዲስኩ አስቀድሞ መግዛት

ሰዎች በብዛት የሚያልፉት ደረጃ ይህ ነው። ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ ይዘው መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ቤት ውስጥ የነበረው ዲቪዲ ማጫወቻም ወይ ተሰጥቷል ወይ ተበላሽቷል። ለአንድ ጀማሪ ሁለት መሣሪያ ይበቃዋል፦ በቲቪ የሚያይበት ያገለገለ ዲቪዲ ማጫወቻ እና ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳበት በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲስክ ማንበቢያ። ያረጀው ዲቪዲ ማጫወቻ ለእኛ ከአዲሱ ይሻላል፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የሚቀበል ስለሆነ አሮጌውም ቲቪ ላይ ይሠራል፤ ቪሲዲም አይመርጥም። አንዳንድ ብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ቪሲዲን ጨርሶ አያውቁትም፤ ስለዚህ ሱቅ ስንሄድ አንድ ቪሲዲ በቦርሳ ይዘን መሄድና እዚያው ማስሞከር ነው።

ዲቪዲ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚሠራ የሚወስን የክልል ቁጥር አለው። ኢትዮጵያ በ5ኛው ክልል ውስጥ ናት፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዲስክ ብዙውን ጊዜ 1ኛ ክልል፣ ከአውሮፓና ከዱባይ የሚመጣው ደግሞ 2ኛ ክልል ነው። ማጫወቻው ሁሉንም ክልል የሚያነብ ካልሆነ ዘመድ በሻንጣው ያመጣልን ዲስክ ከጌጥነት አያልፍም። ብሉ ሬይ የራሱ አከፋፈል ያለው ሲሆን አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር «ቢ» ውስጥ፣ አሜሪካ «ኤ» ውስጥ ነው። ቪሲዲ ግን ክልልም ኮፒ የሚከለክል ቁልፍም የለውም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ካሴት ለመሰብሰብ የሚያስብ ሰው ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከአሜሪካ የመጣ፣ ከካርቶኑ ብዙም ያልወጣ የሚመስል ዴክ አግኝቼ በደስታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያነበብኩት ቤቱ እንደተቃጠለ ጎማ ከሸተተ በኋላ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ የኃይል መቀነሻ ካልተደረገለት ይቃጠላል። በዚያ ላይ የአሜሪካ ዴክ ኤንቲኤስሲ የተባለውን አቀራረጽ የሚያነብ ሲሆን የእኛ ካሴት የተቀዳው በፓል ነው፤ ባይቃጠልም ኖሮ ምስሉ ተንጋዶና ቀለሙን አጥቶ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ዴክ ሲገዛ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበብ፣ ካሴት ገብቶ ይሞከር፣ ወደፊትና ወደኋላ ሲጠመጠም ድምፁ ይደመጥ። የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት ካቆመ ወዲህ አዲስ ዴክ የለም፤ ዴክ የሚጠግን ባለሙያ ሲገኝ ስልኩን መያዝ ከዴኩ እኩል ያስፈልጋል።

ከከተማው ዳር ለምንኖር ደግሞ የመብራት ነገር አለ። መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። ማጫወቻውና ማንበቢያው በስታብላይዘር በኩል ይሰኩ፤ መብራት በሄደ ጊዜ ይነቀሉና ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና ይሰኩ። በሚቀዳበት ጊዜ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ መፈለግ

መሐል ከተማ ያሉ የድሮ ፊልምና ሙዚቃ ቤቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ፒያሳም በ2016 ከፈረሰ ወዲህ እንደ ቀድሞው አይደለም። የሚገርመው ግን ዲስኮቹ ወደ እኛ መምጣታቸው ነው። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ጀሞ ወይም ወደ አያት የገባ ቤተሰብ ዕቃውን ሲጭን ካርቶኑን ሳይከፍት ነው የሚጭነው፤ ካርቶኑም በአዲሱ ቤት በረንዳ ላይ ሳይከፈት ይቀመጣል። ሰብሳቢ የሚጠብቀው ያ ካርቶን የሚከፈትበትን ቀን ነው።

በእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ቀድሞ ቂርቆስ አካባቢ የፊልም ማከራያ የነበራቸው እናት አሉ። ስለ ካርቶኖቻቸው ስጠይቃቸው በመጀመሪያ «ልጄ፣ ቆሻሻ ነው፣ አታንሣው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ቡና ከጠጣንና የማከራያ ቤቱን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ግን ማን ምን ፊልም ተከራይቶ ሳይመልስ እንደቀረ የሚገልጽ ደብተር ጭምር አወጡልኝ። «እትዬ፣ ስንት ልክፈል?» ስላቸው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ዲስኮቹን እያጸዳሁ አንዳንዱን እሑድ ከሰዓት ቤታቸው አጫውትላቸዋለሁ፤ ዋጋው ይኸው ሆኗል። ይህን የጻፍኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ቤት የሚገኘው ነገር ገንዘብ አስቀድሞ የሚናገር ሰው አያገኘውም።

ቆራሌው ሌላው ምንጭ ነው፤ አንድን ሰው ደንበኛ አድርጎ ስልክ መስጠትና ዲስክ ወይም ካሴት ሲያገኝ እንዲደውል ማድረግ ይሻላል፤ ለፕላስቲክ ከሚያገኘው በላይ እንደሚከፈለው አስቀድሞ ከታወቀ በጥንቃቄ ይይዘዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራም መሄድ ይቻላል፤ እዚያ ግን ዲስኩ ያለ መያዣው ስለሚከመር ጭረቱ ይበዛል። ማጫወቻ፣ ገመድና የርቀት መቆጣጠሪያ ለማግኘት ግን ከምናለሽ ተራ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አራተኛ፦ ከመግዛት በፊት መመርመር

ዲስክ በጠራ ብርሃን ይመረመራል፤ ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ። በመጀመሪያ የሚታየው የታችኛው ገጽ ቀለም ነው። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ ታቹ ብር ይመስላል፤ በኮምፒውተር የተቀዳ ኮፒ ግን ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ያደላል። እንዲህ ያለው ኮፒ መረጃውን የያዘው በቀለም ውስጥ ስለሆነ የፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ያጠፋዋል፤ ካገኘነውም በዚያው ሳምንት መቀዳት አለበት። ኮፒ ነው ብሎ መጣል ግን ስሕተት ነው፤ ከማከራያ ቤት የተረፈ ኮፒ ኦሪጅናሉ የጠፋበት ፊልም ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዲስኩ በአንድ ጣት መሐሉ፣ በሌላው ጠርዙ ተይዞ ወደ ብርሃን ይነሣል። ብርሃን የሚያሳልፉ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ ነጥቦች ካሉ መረጃ የያዘው ስስ ብረት ተበልቷል ማለት ነው፤ ያ በማጽዳት አይድንም። ቪሲዲ እንደማንኛውም ሲዲ መረጃውን የሚይዘው ከላይ፣ ሥዕሉ ከታተመበት ገጽ ሥር፣ በጣም ስስ በሆነ ቅብ ተሸፍኖ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለታችኛው ገጽ ቢሆንም በላይ በኩል በጥፍር ወይም በእስክሪብቶ የተጫረ ሲዲ የባሰ ተጎድቷል፤ የታቹ ጭረት ፕላስቲኩን ብቻ ይነካል፣ የላዩ ግን ፊልሙን ራሱን ይልጣል። ዲቪዲ በሁለት ባለ 0.6 ሚሊ ሜትር ፕላስቲኮች መካከል መረጃውን ስለሚያስቀምጥ ከላይ ጭረት ይጠበቃል፤ የእርሱ ጠላት መታጠፍ ነው። ከመያዣው ሲወጣ መሐሉን ተጭኖ ማላቀቅ እንጂ ጠርዙን ይዞ መጎተት አይገባም።

የቪሲዲ ሌላው ነገር ቁጥሩ ነው። አንድ ዲስክ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ስለሚይዝ ሙሉ ፊልም ሁለት ዲስክ ይፈልጋል። ሽፋኑ ላይ ያለው ርእስና ዲስኩ ላይ ያለው ርእስ አንድ መሆኑ፣ 1 እና 2 መኖራቸው በዓይን መታየት አለበት፤ በማከራያ ቤት ጥድፊያ የአንዱ ፊልም ሁለተኛ ክፍል በሌላው መያዣ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነበር። ብቸኛ የቀረ ዲስክ ከተገኘም አይጣል። በላስቲክ ከታሰሩት የእሑድ ቪሲዲዎቼ ውስጥ ሁለተኛ ዲስኩ የጎደለው አንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእትዬ ካርቶን ውስጥ፣ ፈጽሞ ሌላ ፊልም በተጻፈበት መያዣ ተሞላልኝ።

ማጫወቻ ባለበት ቦታ ከሆነ ሦስት ቦታ መሞከር ይበቃል፦ መጀመሪያው፣ መካከሉ እና የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች። ዲስክ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሆነና እጅ የሚነካው ጠርዙን ስለሆነ ብዙ ፊልም ሊያልቅ ሲል ነው የሚቆመው። ለካሴት ደግሞ በመስኮቱ በኩል የተጠመጠመው ቴፕ ጠርዝ ይታይ፤ ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያለበት ካሴት ዴክ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቴፑን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ አቆሽሾ ቀጥሎ ወደሚገቡት ጤነኛ ካሴቶች ሁሉ ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን በፌስታል ለይቶ ማሰርና ባለሙያ እስኪገኝ ማቆየት ነው።

አምስተኛ፦ ማጽዳት

አቧራ በመጀመሪያ በንፋስ ይራገፍ፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አሸዋ እንደመፈተግ ነው፤ የበጋውን የቱሉ ዲምቱ አቧራ ያየ ይህን ይረዳል። ከዚያ ዲስኩ ለብ ባለ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ብዙ ጊዜ በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ይደርቃል። አጠራረጉ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ነው እንጂ በክብ አይደለም። ምክንያቱም መረጃው የተጻፈው ክቡን ተከትሎ ስለሆነ በክብ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ መረጃን በረጅሙ ያጠፋል፤ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ጭረት ግን ከየዙሩ ጥቂት ስለሚነካ ማጫወቻው አርሞት ያልፋል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አይሶፕሮፒል አልኮል ለጣት ቅባት ጥሩ ነው፤ በታችኛው ገጽ ብቻ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፣ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ግን ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ሳኒታይዘር የተጠቀመ ወዳጅ አለኝ፤ ጄሉ ደርቆ ነጭ ሽፋን ትቶበት እንደገና ማጠብ ግድ ሆነበት። በጥርስ ሳሙና ጭረት ማጥፋት ስለሚባለው፣ ለቀላል ጭረት አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሌላ ቅጂ በሌለው ዲስክ ላይ ግን እኔ አላደርገውም።

ስድስተኛ፦ ቅጂ ማውጣት

የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው። ቪሲዲ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የተለያዩ ፎልደሮች ይታያሉ፤ ፊልሙ ያለው «ኤምፔግ ኤቪ» በሚለው ውስጥ፣ «ዳት» የሚል ቅጥያ ባለው ትልቅ ፋይል ነው። ጤነኛ ዲስክ ከሆነ ፋይሉን እንዳለ ኮፒ አድርጎ በቪኤልሲ መክፈት ይቻላል። ለማቆየት ግን የሚሻለው የዲስኩን ሙሉ «ምስል» ማውጣት፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ ፋይል መገልበጥ ነው። አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ፦ ቪሲዲ ፊልሙ የሚገባበትን ቦታ ለማስፋት ሲል ተራ የኮምፒውተር ሲዲ ለስሕተት ማረሚያ የሚያስቀምጠውን ቦታ ለፊልሙ ይጠቀምበታል። በዚህ የተነሣ ጭረት ሲያገኘው በቶሎ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይበታተናል፤ ለዲቪዲ የሚሆነው «አይኤስኦ» የተባለው የምስል ፋይልም ለእርሱ አይሆንም። «ቢን» እና «ኪው» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች የሚያወጣ ፕሮግራም መጠቀም ያስፈልጋል፤ በነፃ የሚገኘው ኢምግበርን ይህን ያደርጋል። ሁለቱ ፋይሎች አይለያዩ።

ማንበቢያው ከተንተባተበ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ፣ ካልሆነም በሌላ ማንበቢያ መሞከር ነው። አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያነባል፤ እኔ ሦስት አሮጌ ማንበቢያ የያዝኩት ለዚህ ነው፤ ባለቤቴ ምክንያቱን አትቀበልም። ለተጎዳ ዲቪዲ ሊኑክስ ላይ ያለው ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም የሚነበበውን አስቀድሞ አውጥቶ ወደ ተጎዳው ቦታ ደጋግሞ ይመለሳል።

ቪሲዲ በፓል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ በሰፊ ቲቪ ላይ ደብዝዞ ይታያል። «ጥራቱን ላሻሽል» ብሎ በሌላ ፕሮግራም አልፎ አዲሱን ብቻ ማስቀረት ግን ሊታረም የማይችል ጥፋት ነው። ነገ የተሻለ ማሻሻያ ሲመጣ የሚያስፈልገው ያልተነካው ነው። ቦታም አይፈጅም፤ የ100 ደቂቃ ቪሲዲ ፊልም 1 ጊጋ ባይት ገደማ ስለሆነ በ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ 900 ያህል ይገባል፤ ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ቢሆን እንኳ ወደ 200 ይጠጋል። ካሴት የሚቀዳው በዩኤስቢ የቪዲዮ መቅረጫ በኩል እየተጫወተ ስለሆነ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ አቋራጭ የለውም።

ሃርድ ዲስክ ራሱ ስለሚሞት ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። የእኔ ሁለተኛ ኮተቤ እኅቴ ጋ ነው፤ በየፋሲካው ስንገናኝ እንቀያየራለን።

ስለ ሕግ አንድ ነገር ይታወቅ። የቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል አገልግሎት የሚውል አንድ ቅጂን የሚታገሥ ሲሆን አባዝቶ መሸጥን፣ ማከራየትንና ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ መጫንን አይፈቅድም። ብርቅ ፊልም ያገኘ ሰው ዩቲዩብ ላይ ለመጫን እጁ ይበላዋል፤ ከዚያ ይልቅ ፕሮዲዩሰሩን ፈልጎ ቅጂ መስጠት ነው። ስለማይጠብቀው ደስታው ይታያል፤ አንዳንዶቹ የራሳቸው ሥራ በእጃቸው የለም።

ሰባተኛ፦ ማስቀመጥ

የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የአያያዝ መመሪያ ለዲስክ የሚመክረው ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ሙቀቱን አየራችን ራሱ ይሰጠናል፤ የሚያስቸግረው የክረምቱ እርጥበትና የምዕራብ መስኮት ፀሐይ ነው። መደርደሪያው ዝናብ ከሚያረጥበው የውጭ ግድግዳ ላይ አይደገፍ፤ ከውስጥ ግድግዳም ቢሆን አራት ጣት ያህል ይራቅ። ቺፑድ እርጥበት ስለሚጠጣ የታችኛው ደርብ ከወለሉ ከፍ ይበል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አለመጣልና በየመደርደሪያው ጣል ማድረግ ወጪ የሌለው ዘዴ ነው።

ዲስክ እንደ መጽሐፍ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይደረደርም። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለዓመታት የቆየ ዲስክ ከከረጢቱ ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል በጠንካራ መያዣ ይተካ፤ የሽፋኑ ወረቀት ግን አብሮት ይቀመጥ፣ በስልክም ቢሆን ፎቶ ይነሣ። ላዩ ላይ ስቲከር መለጠፍ ሲሽከረከር ሚዛኑን ስለሚያሳጣውና ሲላቀቅ ስሱን ቅብ ስለሚልጠው የተከለከለ ነው፤ ቁጥር መጻፍ ካስፈለገ በውኃ ቀለም ማርከር መሐሉ ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይጻፍ። ካሴትም ይቆማል፤ እስከ ጫፉ ተጠምጥሞ፣ ከስፒከር ርቆ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ እየተጠመጠመ።

ስምንተኛ፦ መዝገብ

ደብተር ወይም ኤክሴል፣ የተመቸው። ርእስ፣ ዳይሬክተር፣ ፕሮዲዩሰር፣ ዋና ተዋናዮች፣ የዲስክ ብዛት፣ ሁኔታው፣ ከማን እንደተገኘ፣ የተቀዳበት ቀን። ዓመቱ ሲጻፍ አቆጣጠሩ ይለይ፤ ሽፋኑ ላይ 1998 ያለው ፊልም ኢንተርኔት ላይ 2005 ወይም 2006 ተብሎ ስለሚጻፍ አንዱ ፊልም ሁለት መስሎ ይገባል። የመጨረሻውን የስም ዝርዝር እያስቆምኩ የመብራት ባለሙያውንና የሜካፕ ሠራተኛዋን ጭምር እጽፋለሁ፤ ዩቲዩቡ ቅጂ ላይ የተቆረጡት እነዚህ ናቸው።

ማዋስም በዚሁ መዝገብ ይገባል። ኦሪጅናል ከቤት አይወጣም፤ የሚታየው ቅጂው፣ እቤታችን መጥተው ነው። ይህን ደንብ ያወጣሁት የእትዬን ደብተር ካነበብኩ በኋላ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ «አልመለሰም» ተብሎ ከተጻፈባቸው ስሞች ውስጥ የእኔን አጎት አግኝቻለሁ። ፊልሙን እስካሁን እየፈለግሁት ነው።